በአሸናፊ ራስ ውስጥ የገባው ክር

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለእጅጉ ሀይሉ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍን እንደገና እየተማርኩ ነው። የሐኪም ጽሕፈት ነውና እያጉረመረምክም ቢሆን አንብበው።

የላክኸው ዕቃ በሰላም ደርሷል። ሹፌሩ ከጨው ጆንያ መሃል ሸጉጦ ነው ያመጣው። ሦስት ቦታ ፈትሸውት ምንድን ነው ሲሉት የሐኪም ክር ነው ብሎ አልፏል። አልዋሸም። ሳጥኑ አልተነካም፤ ሦስቱም ክሮች ደህና ናቸው። ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር መስታወት ሰው ራስ ውስጥ ገብቶ ይናገራል ብዬ ለነርሶቹ ሳስረዳቸው ተያይተው ሳቁ።

የአንጎልን ግፊት እስከ ዛሬ በምን ታውቂው ነበር ብለህ ጠይቀሃል። በምንም። የዓይን ብሌን በባትሪ አያለሁ። አንደኛው ሰፍቶ ከቀረ በራስ ቅሉ ውስጥ ግፊቱ በርትቶ አንጎሉን ወደ ታች እየገፋው ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። የራስ ቅልን ውስጥ ፎቶ የሚያነሣው መሣሪያ ያለው ባሕር ዳር ነው፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ተከፍቶ አራት ቀን ይዘጋል። ባለፈው ሳምንት ባሏ በዘነዘና የመታትን ሴት አመጡልኝ። እስከ ቀትር ስታወራኝ ነበር፤ ላሟ ሳትታለብ እንደቀረች ነግራኝ፣ ጎረቤት እንድልክላት ለምናኝ፣ ወረቀት ላመጣ ዞር ስል አሸለበች። አልነቃችም። ይህ ክር ያን ዕለት ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ ማሰቡን እተወዋለሁ።

የፈቃዱን ወረቀት የሆስፒታላችን ቦርድ አንብቦ ፈርሟል። ሌላ መንገድ ለሌለው በሽተኛ ብቻ፣ ያውም ቤተሰቡ ከፈረመ ነው።

ስለ ወንድማችን ስለ ገነነም ጠይቀሃል። ደህና ነው። ሽንኩርቱ አምሮለታል። ከአሸናፊ ጋር በመስኖው ተራ ተጋጭተው ነበር፤ አንተን ፈጣም ላይ ዋና ያስተማረህ ጎረቤታችን አሸናፊ ማለቴ ነው። የኔታ ክንፈሚካኤል ሁለቱንም ጠርተው አስታርቀዋቸዋል። ትንሽ ነገር ናት፤ አታስብ። እናታችን ሳሚልኝ ብላለች።

እህትህ ሠርክአዲስ


አዲስ አበባ፣ ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣ እንደምን አለሽ? ጽሕፈትሽን ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ደስታው ግን ለሳምንት ይበቃኛል።

ነርሶቹ ከጠየቁሽ እንዲህ በያቸው። ብርሃን በክሩ ውስጥ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ የምትሳሳ ሽፋን አለች፤ ብርሃኑ እሷን ነክቶ ይመለሳል። ግፊት ሽፋኗን ወደ ውስጥ ሲጫናት የሚመለሰው ብርሃን ይለወጣል፤ ሳጥኑ ያን ለውጥ ቁጥር አድርጎ ያሳያል። በቃ ይኸው ነው። ከአሥራ አምስት በታች ደህና ነው። ከሃያ ሁለት በላይ ከሆነና ካልወረደ አንጎሉ እየታነቀ ነው።

ሁለት ነገር አደራ። ክሩ ከመግባቱ በፊት አየር ላይ ሳለ ዜሮውን አስይዢው። ከገባ በኋላ ደግሞ ሳጥኑ መብራት እንዳይቋረጥበት። የውስጥ ባትሪው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ከጠፋ ዜሮውን ይረሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚነግርሽ ሁሉ ውሸት ነው። ይህ የእኔ ጉድለት ነው። ባትሪውን በማሻሽልበት ጊዜ ለጉባኤ የሚቀርብ ጽሑፍ ሳሳምር ነበር። በአሥራ አንድ በጎች ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በዘጠኙ እውነት ተናግሯል። ስለ ሁለቱ መዋሸት ተገቢ አይደለም፤ መብራት የጠፋባቸው እነሱ ናቸው።

ትንሽ ነገር ናት ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ገነነ ሲቆጣ ፊቱ ያለውን ሰው አያይም። የደበቅሽኝ ካለ ንገሪኝ።

እጅጉ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ እጅጉ፣

ደብቄህ ነበር፤ ይቅር በለኝ። የኔታ ያስታረቋቸው በገና ማግስት ነው፤ ዕርቁ ሳምንት ሳይሞላው እንደፈረሰ ስጽፍልህ አውቅ ነበር። ጥር 15 ቀን ጠዋት ገነነ ውኃውን ሲያዞር አሸናፊ መልሶ ደፈነበት። ገነነ በመጥረቢያው ጀርባ ራሱን መታው። አንድ ጊዜ ነው የመታው፤ አንዱ በቅቷል። ከግራ ጆሮው በላይ አጥንቱ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ወደ ውስጥ ገብቷል። ገነነ መጥረቢያውን ጥሎ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሮጠ፤ አሁንም ያለው የኔታ ግቢ ነው።

አሸናፊን በቃሬዛ እስከ ቡሬ፣ ከዚያ በአይሱዙ አምጥተው እኔ ፊት አወረዱት። ሌላው ቀዶ ሐኪም ደብረ ማርቆስ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበታል። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። የአሸናፊ ወንድም ጌታሁን ክላሹን እንዳነገተ ከበሩ ላይ ቆመ። የመታው እጅና የሚያክመው እጅ ከአንድ ማኅፀን የወጣ ነው፣ አትነካውም አለ። እውነቱን ነው።

ሚስቱን ሀብትነሽን ለብቻ ወሰድኳት። ምንም አልደበቅኳትም። ባልሽን የመታው ወንድሜ ነው አልኳት፤ ታውቃለች። ራሱ ውስጥ የማስገባውን ክር የሠራው ሌላው ወንድሜ ነው፣ ሰው ላይ ሲሞከር ይህ የመጀመሪያው ነው አልኳት፤ ይህን አታውቅም ነበር። 

«ብትተዪው ምን ይሆናል?»

«ይሞታል።»

«ብትነኪውስ?»

«ሊሞት ይችላል።»

ቀለሙን አስመጥታ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ጣቷን በቀሚሷ እየጠረገች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከሞተ ገነነ ብቻውን አይቀበርም» አለችኝ። ዛቻ አልመሰለኝም። የሚሆነውን ነው የነገረችኝ። ጌታሁንንም ከበሩ ላይ ያስነሣችው እሷ ናት።

የተሰባበረውን አጥንት ለቅሜ አወጣሁ። መልሶ የሚገጠም አልነበረም፤ ከግራ ጆሮው በላይ የሕፃን መዳፍ የሚያህል ቦታ ያለ አጥንት ቀርቷል፤ ቆዳ ብቻ አልብሼዋለሁ። ክሩን ስከተው ሳጥኑ ሠላሳ አንድ አለ። የረጋውን ደም ጠርጌ፣ ራሱን ከፍ አድርጌ፣ ግፊት የሚቀንሰውን ማኒቶል ስሰጠው ወደ አሥራ አራት ወረደ። እጅጉ፣ ያየሁትን እንዴት ልንገርህ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በጭፍን ስዳብስ የኖርኩትን ነገር ቁጥር ሆኖ አየሁት።

አሁን ግን ከትናንት ጀምሮ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ እያለ ይወጣል። ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ክሩ ነው የሚዋሸኝ ወይስ እውነት ነው? ሳያስፈልግ ደግሜ ብከፍተው እገድለዋለሁ። በዚያ ላይ መኝታ ክፍሉ መብራቱ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ የሚደርሰው ለኦፕሬሽን ክፍሉና አጠገቡ ላለችው ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። ሳጥኑን በየጊዜው ከክሩ ነጥዬ ወደዚያ ታቅፌ ስሮጥ እስካሁን አልጠፋም። ሹፌሩ ነገ ይነሣል፤ እንደደረሰህ ቶሎ መልስልኝ።

ሠርክአዲስ


አዲስ አበባ፣ ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው።

ሽፋኗ ሙቀት ይነካታል። በሠላሳ ዘጠኝ ትኩሳት ሁለት ያህል ትጨምራለች። ሳጥኑ ከሚልሽ ላይ ሁለት ቀንሺ። ቀንሰሽም ከሃያ ሁለት በላይ ከሆነ እመኚው፤ ደም እየተጠራቀመ ነውና ክፈቺው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ዜሮው ካልጠፋ ነው። አልጋውን ጄኔሬተር ወዳለበት ክፍል አዛውሪው። ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ፣ ወዲያውኑ። ማንንም ለማስፈቀድ አትዘግዪ። አንድ ጊዜ ከጠፋ ዓይኑን በባትሪ ወደ ማየት ትመለሻለሽ።

ገነነ ከየኔታ ግቢ አይውጣ። ሽማግሌ ይላክ፤ ካሣም ሆነ ምን የእኔን ድርሻ አሟላለሁ። ይህን ብነግርሽ አፍራለሁ፤ ለአሸናፊ ስጸልይ ውዬ የጸለይኩት ለገነነ እንደሆነ ገባኝ። አሸናፊ ከዳነ ገነነም ይድናል። አድኚልኝ።

እጅጉ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድሜ እጅጉ፣

ደብዳቤህ ጥር 24 ቀን ከመሸ ደረሰኝ። እንዳልከኝ በማግስቱ ንጋት ላይ አልጋውን አዛወርኩት። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳጥኑ ሃያ ሰባት አለ። ሁለት ቀነስኩ። ከፈትኩት። ከድሮው ቁስል በስተኋላ የጥቁር ዘቢብ ዘለላ የመሰለ የረጋ ደም አወጣሁ፤ ቁጥሩ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ስሌትህ ልክ ነበር። ክሩን ባላስገባ ኖሮ፣ ወይም አንተ ሁለት ቀንሺ ባትለኝ ኖሮ፣ አሸናፊ ዛሬ አይኖርም። ይህን ለጉባኤህ ብትጽፈው ማንም ሊያስተባብልህ አይችልም።

ጥር 28 ቀን ዓይኑን ገለጠ። ውኃ ጠየቀ። ቀኝ እጁ ዝሏል፣ ምላሱም ይጎተታል፤ ግን ሚስቱን በስሟ ጠርቷታል። ክሩን አውጥቼዋለሁ።

ስለ ገነነ ጠይቀሃል። ያለው ሚካኤል ግቢ ነው። ከዚያ የሚያወጣው የለም። እናታችን በየጠዋቱ ትሄዳለች። አጎታችን አለበልም አልተለዩዋትም።

ደብዳቤዬ አጭር ስለሆነ አትቀየመኝ። እጄን ደክሞኛል። የክሩን ንባብ በሰዓት በሰዓቱ የመዘገብኩበትን ደብተር አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ከጥር 25 ቀን ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው በነርሷ እጅ የተጻፈ ነው።

ሠርክአዲስ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሠርክአዲስ፣

ደብዳቤሽ በሰው እጅ ቀድሞ ደርሶኝ፣ ደብተሩን ከሳምንት በኋላ ሲያስረክበኝ ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ እግዚአብሔር ያጽናህ አለኝ። ለምን አልኩት። ፊቴን አይቶ እንዳላወቅሁ ሲገባው ሊሸሽ ፈለገ፤ ክንዱን ይዤ አስቀረሁት። በአደባባይ፣ ሰው በሚተላለፍበት፣ መኪናው ጎማ ሥር እንደተቀመጥኩ ነገረኝ።

ደብዳቤሽን ሳምንት ሙሉ በኪሴ ይዤ ዞሬያለሁ። ሚካኤል ግቢ ነው፣ የሚያወጣው የለም። አንቺ መቃብሩን ነግረሽኝ እኔ የየኔታን ጎጆ አየሁ። እናታችን በየጠዋቱ የምትሄደው ስንቅ ልታደርስለት መስሎኝ ነበር። ጓደኞቼን ወንድሜ ተርፏል ብዬ ጋብዣቸዋለሁ፤ ስቄያለሁ። ይህን እንዴት አደረግሽብኝ?

ጌታሁን ገነነን የገደለው ጥር 25 ቀን ነው አለኝ ሹፌሩ። ደብተርሽ ላይ ያ ቀን አለ። ወንድሜ በጥይት በተበሳበት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ ሰባት ብለሽ ጽፈሽ፣ ከጎኑ ሁለት ቀንሰሽ፣ ሃያ አምስት ብለሻል። በገዳዩ ወንድም ራስ ላይ። በእኔ ስሌት። ጌታሁንን ባገኘው እነዚህን ጣቶች ዓይኖቹ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ከቁጣዬ ቀንሼ ነው የምጽፍልሽ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። አሸናፊ በሕይወት ነበር። ደም የሚመለሰው ለሞተ ሰው ነው። ጌታሁን በሕይወት ላለ ወንድሙ ብሎ ለምን ተኮሰ? ሞቷል ያለው ማን ነው? እንዳትዋሺኝ፤ በሰሙም በወርቁም።

እጅጉ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

እጅጉ፣

ይህን ሳልጽፍልህ ብሞት እመርጥ ነበር። የጠየቅኸኝ ግን እሱኑ ስለሆነ እመልስልሃለሁ።

ጥር 25 ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሁለት ነርሶች ጋር አሸናፊን ወደ ጠባቧ ክፍል አዛወርነው። ሀብትነሽ አብራን ገባች። ለሌላ ለማንም አልተናገርንም፤ የምናስበው ስለ ሳጥኑ ብቻ ነበር። ጌታሁን ከቡሬ ያደረ ደረቅ ምግብ ይዞ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ። አልጋው ባዶ ነው። ፍራሹ ደም ስለነበረበት በበረኪና ታጥቦ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የምታጸዳውን ሴት፣ እዚህ የነበረው ሰውዬስ አላት። ሴትዮዋ የሚያቃጥል ውኃ በእጇ ይዛ ቀና ሳትል፣ ጠዋት ወሰዱት አለችው። ሌላ አልጠየቀም። ምግቡን ባዶው አልጋ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኔ በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ማዶ ነበርኩ፤ ከአሥራ አምስት ርምጃ አይበልጥም።

ገነነ ለምን ወጣ ትለኝ ይሆናል። ወደ እነሱ እየመጣ ነበር። የኔታና ሁለት ሽማግሌዎች ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ ከእግራቸው ሊጥሉት ይዘውት ነበር። ማንኩሳ ላይ መኪና ሊቀይሩ ወርደው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። ጌታሁን ከወዲህ ሲሄድ አያቸው። የኔታ እንደነገሩኝ ገነነ አልሸሸም፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «ጌታሁን፣ ወደ እናንተ ነው የምመጣው» አለው። ሰባት ጥይት ነው የተኮሰበት። አራቱ ሆዱ ላይ፣ ሁለቱ ደረቱ ላይ፣ አንዱ አንገቱ ላይ። የየኔታ በርኖስ ሁለት ቦታ ተበስቷል፤ እሳቸውን ግን አልነካቸውም።

አምጥተው ያወረዱት እኔ ፊት ነው፤ ወንድማችንን፣ እጅጉ። ይሞቅ ነበር። አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። እንደሞተ እያወቅኩ ደረቱን እጫን ነበር፤ በየመጫኔ ደሙ ከአንገቱ ይወጣል። ነርሶቹ ናቸው ከላዩ ያነሡኝ። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። በነርሷ እጅ የተጻፈው ያ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ መጥታ ሃያ ሰባት ሆኗል አለችኝ። ተነሥቼ ልብሴን ቀየርኩ፣ እጄን ታጠብኩ። የታጠብኩት የገነነን ደም ነው። ሀብትነሽ ከበሩ ላይ አየችኝ። ሁሉንም ሰምታለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ ተዪው ማለቷ ይሁን አድኚልኝ ማለቷ፣ እንጃ። ገባሁ። በቢላው ጫፍና በአንጎሉ መካከል ምንም አልነበረም። ማንም አያይም፣ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ሳጥኑ ብቻ ቁጥሩን እያለ ይበራል። ደሙን ጠርጌ አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት አትጠይቀኝ፤ ልነግርህ አልችልም።

አልጋውን አዛውሪ ያልከኝ አንተ ነህ። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፈው። ያዛወርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ከበሩ ላይ አንድ ሰው ሳላቆም ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ይህን ለሁለት ልንካፈለው አንችልም። የእኔ ነው።

ጌታሁን ፈጣም ገደል ውስጥ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልወጣም። ወንድምህ አለ ብለው የሄዱት ሰዎች፣ ለማጥመድ ነው ብሎ ከሩቅ ተኩሶ መልሷቸዋል። አጎታችን አለበል የገነነን ክላሽ ዘይት እየቀቡ አንተን ይጠብቃሉ። አትምጣ አልልህም። መጥተህ ግን ከሁለተኛው ሬሳ ፊት እንዳታቆመኝ።

ሠርክአዲስ


ከፈጣም ማዶ፣ ከእናታችን ቤት፣ መጋቢት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ባለፈው ደብዳቤዬ በስምሽ ብቻ ጠርቼሽ ነበር፤ ይህንን ቀድሜ እንዳርም ፍቀጂልኝ።

ለተዝካሩ ለምን አልመጣሽም ብዬ አልጠይቅሽም። ሰባት ቁስለኛ እንዳለብሽ የኔታ ነግረውኛል። ስለዚህ የሆነውን ከእኔ ስሚ፤ መንደሩ ብዙ ይለዋል።

እንደደረስኩ አጎታችን ከበሩ ላይ ክላሹን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። ተቀበልኩ። እናታችን አየች። በማግስቱ ወደ አሸናፊ ቤት ሄድኩ። ምን ላደርግ እንደሄድኩ ብትጠይቂኝ፣ ጌታሁን የት እንዳለ ልጠይቀው ነው እልሻለሁ፤ ጥይቱን ግን አጉርሼ ነበር።

ደጃፉ ላይ በፀሐይ ተቀምጧል። ከስቷል። ከግራ ጆሮው በላይ ያ ቦታ ጎድጉዶ፣ ቆዳው በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ ያን ቦታ በቁጥር ነው የማውቀው፤ በዓይኔ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሀብትነሽ ክላሹን አይታ ከፊቱ ቆመች። ዞር በይ አላት። ምላሱ ይጎተታል፤ ቃል በቃል እያወጣ፣ ገነነ ውኃውን ሲያዞር መጀመሪያ በአካፋ የመታሁት እኔ ነኝ አለኝ። ማንም አላየም፣ ማንም አይነግርህም፣ ስለዚህ እወቀው አለኝ። ከዚያ በቅሎ አስጫነ። ጌታሁን ድምፄን ካልሰማ አያምንም፣ አንተም ብቻህን ከሄድክ ይገድልሃል፣ እኔ እሄዳለሁ አለ።

ገደሉ አፋፍ ላይ አውርጄ ደገፍኩት። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራው። ድምፁ ደካማ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ከታች ድንጋይ ተንከባለለ። ጌታሁን ከቁጥቋጦው ወጣ። ፂሙ አድጓል፣ ልብሱ ተቀዷል። ወንድሙን አየው። ክላሹ ከእጁ ወደቀ። እኔን እንኳ አላየኝም፤ አፈሙዜ ደረቱ ላይ ነበር። እየዳኸ ወጥቶ የአሸናፊን እግር፣ ጉልበት፣ ፊት በእጁ ዳበሰ። ከዚያ ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ እኔ ገነነን ስለ ምን ገደልኩት?» አለ።

እኔን ነው የጠየቀኝ። በሰደፍ አፉን መታሁት። ጥርሱ ረገፈ። ደገምኩት፤ ወደቀ። እጁን ለመከላከል አላነሣም። ሦስተኛውን ራሱ ላይ ለማሳረፍ ሳነሣ አሸናፊ ላዩ ላይ ተደፋ። የተደፋው በቀኝ ጎኑ ነው፤ ያ አጥንት የሌለበት ቦታ ወደ ላይ ሆኖ ከሰደፉ ሥር ነበር። ያን ራስ መምታት አልቻልኩም። ይቅር ብያቸው አይደለም፤ ይቅርታ የሚባለውን ዛሬም አላገኘሁትም። አልቻልኩም ብቻ። ክላሾቹን ሁለቱንም ጥይታቸውን አራግፌ አሸናፊን መልሼ ባሳፈርኩበት በቅሎ ላይ ጫንኩ። ጌታሁንን በገዛ መቀነቱ አሰርኩት። እስከ ቡሬ ከፊቴ እየሄደ ደም እየተፋ ተጓዘ፤ ለፖሊስ አስረከብኩት። በመንገድ ያየን ሰው ሁሉ ገለል ብሎ ያሳልፈን ነበር።

አጎታችን አለበል ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገሩኝም። ወንድ አሳዳጊ አጥታችሁ ነው ብለው ለእናታችን ነግረዋታል። እሷም አልመለሰችላቸውም፤ ለእኔም እንዲሁ። ሳምንት ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ሳልነጋገር ኖርኩ።

ትናንት አርባው ነበር። ጾም ስለገባ ድግሱ ቀላል ነው፤ ሰው ግን ከፈረስ ቤት ከተማ ሳይቀር መጥቷል። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ዳሱ ውስጥ ሲቀመጥ አሸናፊ ከአጥሩ በር ደረሰ። ሀብትነሽ ይዛዋለች። አልገባም፤ ቆመ።  አጎታችን ተነሡ፣ የኔታ እጃቸውን ያዟቸው። 

እናታችን ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ቀስ ብላ እስከ በሩ ሄደች። ተከተልኳት። አሸናፊ ራሱ ላይ ያለውን ጨርቅ በደህናው እጁ አውልቆ አጎነበሰላት። መዳፏን ልክ እዚያ ቦታ ላይ አሳረፈች። እታለም፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ከሀብትነሽ ሌላ ከእጇ ሥር ያለው ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አጥንት የለም። አውራ ጣቷን ጠበቅ ብታደርግ ይበቃል። የክንዷ ጅማት ሲገተር አየሁት። ቁልቁል እያየችው ነበር፤ ከንፈሯ ነጥቷል፤ ገነነ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁባትም። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ ግን አልነካኋትም። ልጇን የቀበረችው እሷ ናት። 

እጇን አነሣች። ጨርቁን ከእጁ ተቀብላ ራሷ አለበሰችው።

«ፀሐይ ነው፤ ግባ» አለችው።

ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ሹሮውን በግራ እጁ መጉረስ ሲያቅተው ከጎኑ የነበርኩት እኔ አጎረስኩት። አጎታችን አለበል ወጥተው ሄዱ።

ምሽት ላይ እናታችን ወደ መደቡ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሠርክአዲስ ትበላ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። ሄደህ እያት አለችኝ። የፊታችን ማክሰኞ እመጣለሁ።

ወንድምሽ እጅጉ